ከዛፍ የወረደ ቀፎ

ስልኩ የተደወለው በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነበር። ባለቤቴ ቁርስ እያቀራረበች ሳለ አነሳችው፤ በካፊኖኖ ጥቂት ቃላት ተለዋወጠችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ቋንቋውን ከሰላምታ አልፌ አላውቀውም፤ ፊቷን አይቼ ግን አንድ ነገር መድረሱ ገባኝ። «አባባ ከዛፍ ወደቁ» አለችኝ።

የባለቤቴ አባት ያን ጊዜ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። በካፋ፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ከልጅነታቸው ጀምሮ ንብ ያነባሉ። ንብ ያነባሉ ስል በጓሮ እንዳይመስላችሁ። ቀፎአቸው የሚሰቀለው ጫካ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፉ ቀና ብለው ሲያዩት ኮፍያ የሚያስወድቅ ዛፍ ላይ ነው። በዚያች ሌሊት ማር ቆርጠው ሲወርዱ የያዙት ሐረግ ተበጠሰ። ጌታ ይመስገን፣ መሬት ሊረግጡ ጥቂት ሲቀራቸው ስለነበረ ሕይወታቸው ተረፈ፤ የግራ ትከሻቸውና ሁለት የጎን አጥንታቸው ግን ተሰበረ። ባለቤቴ ሄዳ አስታመመቻቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በጸሎት አሰበቻቸው፤ ዳኑ።

በተከታዩ ዓመት በሚያዝያ ወር እማማ ራሳቸው ደወሉ። መልእክታቸው አጭር ነበር፦ «ገተሙ አብቧል። አባታችሁ ገመዱን አውርደው እያዩት ነው። መጥታችሁ ንገሯቸው።»

ገተም የደቡብ ምዕራብ ጫካ ዛፍ ነው። ከሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ፣ ሥሩን ወደ ምድር አውርዶ፣ በመጨረሻ ራሱን የቻለ ግዙፍ ዛፍ ይሆናል። ከአበባው የሚገኘው ማር ነጭ ነው፤ የካፋና የሸካ ሰው የሚኮራበት ማር ይህ ነው። አባባ እስትንፋስ እስካላቸው ድረስ ይህን ማር ለሌላ ሰው ትተው እቤት ይቀመጣሉ ብሎ ማሰብ ከባድ ነበር።

እኔ ግን መፍትሔው በእጄ ያለ መስሎኝ ነበር። «ዘመናዊ ቀፎ እንውሰድላቸው፤ በጓሮአቸው ያኑሩት፤ ዛፍ መውጣት ቀረ ማለት ነው» አልኳት ባለቤቴን። እርሷም ዝም ብላ አየችኝና «መጀመሪያ የአንተዎቹ ይስተካከሉ» አለች።

የጎረቤታችን በግ

እውነቷን ነው። በሰበታ በምንኖርበት ቤት ጓሮ ሁለት ዘመናዊ ሳጥን ቀፎዎች አሉኝ። የገቢ ምንጬ አይደሉም። ከሥራ ስመለስ በርጩማ ይዤ ራቅ ብዬ እቀመጥና ሲገቡ ሲወጡ አያቸዋለሁ፤ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ሲመለሱ ማየት የቀኑን ድካም ያስረሳኛል። ነገር ግን ሳጥኖቹን ያሠራሁት በሰፈራችን ካለ እንጨት ሠሪ ዘንድ ነበር። ከሰው ተውሼ ያመጣሁለትን ቀፎ በሜትር ለካና ሠራልኝ፤ ከላይ ሲታይ ከዋናው ያምራል። ቀለም ሁሉ ቀብቶታል።

ማር ሊቆረጥ በደረሰበት ጊዜ ክዳኑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ፍሬም ላነሳ ስል አልነቃነቅ አለኝ። በፍሬሙ ጎንና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት ነበረ፤ ንቦቹ ያንን ክፍተት በማር እንጀራ ሞልተው ፍሬሙን ከግድግዳው ጋር ሰፍተውታል። ታገልኩ፤ ተቀደደ፤ ማሩ ፈሰሰ፤ እጮቹ ተደፈጠጡ። ማጨሻዬም በዚያው ጠፋችብኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመተረክ አፍራለሁ። የእኛ አገር ንብ ከተቆጣች አጥር አታውቅም። ከአጥሩ ማዶ ለፋሲካ ተገዝቶ የታሰረ የጎረቤታችን በግ ነበረ፤ ገመዱን በጥሶ ሊያመልጥ አልቻለም፤ ማታውን ሞተ።

ዋጋውን ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ጎረቤቴ ገንዘቡን ተቀበለኝና «በጉስ ይሁን፤ ልጆቹ ቢሆኑስ?» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሳምንት ሌሊት እየነቃሁ ያንኑ ጥያቄ ለራሴ እደግመው ነበር።

ስለዚህ ለአባባ ቀፎ ከመግዛቴ በፊት ወደ ሆለታ ሄድኩ።

ሆለታና የአንድ ሰባኪ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር

ሆለታ ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ከአንድ ሰዓት ብዙ በማይበልጥ ጉዞ የምትደረስ ደጋማ ከተማ ናት። የንብ ምርምር ማዕከሉ ያለው እዚያ ነው። በአገራችን ስለ ንብ እርባታ ሥልጠና ሲነሳ ስሟ ሳይጠራ የማይቀር ናት።

ያገኘሁት ባለሙያ የበጉን ታሪክ ሲሰማ አልሳቀብኝም። «ጥፋቱ የንቦቹም የአንተም አይደለም፤ የክፍተቱ ነው» አለኝ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ንቦች መተላለፊያ አድርገው ክፍት ይተዉታል። ከዚያ ጠባብ ከሆነ በሙጫቸው ይደፍኑታል። ሰፊ ከሆነ ደግሞ እንጀራ ይሠሩበታል። ዘመናዊ የሚባለው ቀፎ ሁሉ የቆመው በዚህች ልክ ላይ ነው። ሳንቃው ያምራል አያምርም፣ ቀለም አለው የለውም፣ ለንቧ ምኗም አይደለም።

ይህን ልክ ለቀፎ ያዋለው ሰው ማን እንደሆነ ስሰማ ደግሞ በጣም ተገረምኩ። የወንጌል አገልጋይ ነበር። ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1810 በአሜሪካ በፊላደልፊያ የተወለደ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት አንዶቨር በምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን የመራ መጋቢ ነው። በየጊዜው የሚመለስበት ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ነበረበት፤ ሕመሙ ሲነሳበት መስበክ ቀርቶ ሰው ማነጋገርም ያቅተው ነበር። ንቦቹን የያዘው ለነፍሱ ዕረፍት ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በቀፎው ክዳንና ከሥሩ ባሉት እንጨቶች መካከል የተወውን ትንሽ ክፍተት ንቦቹ እንደማይደፍኑት አስተዋለና «ይህንኑ ክፍተት በፍሬሙ ዙሪያ ሁሉ ብተወውስ?» ብሎ አሰበ። በቀጣዩ ዓመት የባለቤትነት መብት አገኘበት። መብቱን ግን ብዙዎች አላከበሩለትም፤ ቀፎው ዓለምን ሲያዳርስ እርሱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳያገኝ ቀረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1895 በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ፣ ሊሰብክ ቆሞ ሳለ እዚያው መድረኩ ላይ ዐረፈ።

በነገራችን ላይ በቀፎ ታሪክ ውስጥ የእግዚአብሔር ቤት አገልጋዮች መብዛታቸው ይገርማል። ከላንግስትሮዝ ጋር በአንድ ዘመን በአውሮፓ የንብን ኑሮ በብዙ ያጠናው ዢርዞን የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ለድሃ ሰው የሚሆን ርካሽ ቀፎ አዘጋጅቶ የጻፈው ፈረንሳዊው ዋሬም እንዲሁ።

በሆለታ ሦስቱንም ዓይነት ቀፎ ተራ በተራ አየሁ። ባህላዊው ድቡልቡል፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተለቀለቀ ነው። ዘመናዊው እኔ የማውቀው ሳጥን ነው፤ በአገራችን የላንግስትሮዝና ዛንደር የተባለው የጀርመን ዓይነት ይሠራባቸዋል። ከታች የእጭ ክፍል፣ ከላይ የማር ክፍል፣ በመካከሉ ንግሥቲቱ ወደ ላይ ወጥታ እንዳትጥል የሚያግድ ወንፊት አለው። ፍሬሙን አንስቶ በማሽን አሽከርክሮ ማሩን ማውጣትና እንጀራውን ለንቦቹ መመለስ ይቻላል። ንቦቹ ሰም ለመሥራት ብዙ ማር ስለሚበሉ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ብዙውን ጊዜ ሲነገር እንደምንሰማው ከባህላዊው በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ሲገኝ፣ ከዘመናዊው በመልካም አያያዝ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይገኛል።

ሦስተኛው የሽግግር ቀፎ የሚባለው ነው። እውነቱን ለመናገር ስሙን አልወድደውም፤ ሰው ትቶት የሚያልፍ መሸጋገሪያ ያስመስለዋል። አንድ ረጅም ገንዳ አስቡ፤ ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ። ክዳኑ ሥር ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ የሚደርሱ እንጨቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ፍሬም የለም፣ እንጨቱ ብቻ ነው። ንቦቹ ከእያንዳንዱ እንጨት አንድ እንጀራ ወደ ታች ያንጠለጥላሉ፤ ጎኑ ተዳፋት ስለሆነ ከግድግዳው ጋር እምብዛም አያጣብቁትም። ሐሳቡ ከጥንት የግሪኮች የቅርጫት ቀፎ የተወሰደ ሲሆን፣ ለአፍሪካ ንብ እንዲስማማ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በኬንያ ነው። ከማር ልኩ በሁለቱ መካከል ነው፤ 15 ኪሎ ገደማ ሲሰጥ ጥሩ ሰጠ ይባላል።

ባለሙያው አንዷን እንጨት አንስቶ ሰጠኝ። «ይህ ቀፎ አንድ ልክ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የዚህች እንጨት ወርድ 3.2 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። የአገራችን ንብ አንዱን እንጀራ ከሌላው የምታርቀው በዚያው ልክ ነው። ገንዳውን ከሣንቃም ሥራው፣ ከጭፈቃም ሥራው፣ በጭቃም ለቅልቀው።»

እኔ ግን ልቤ ከሳጥኑ ጋር ነበር። ለአባባ በትክክል የተሠራ አንድ ዘመናዊ ቀፎ ገዛሁ። ከሰውዬው ትሕትና የተነሳ ደግሞ እምቢ ማለት ከበደኝና ሠላሳ እንጨቶችም ታስረው ተጫኑልኝ።

ጎጀብን ስንሻገር

በግንቦት ወር አጋማሽ 2016 ዓ.ም. ጸልየን ተነሳን። ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ የመኪናውን መስታወት አስከፈተን። ከሸለቆው ስንወጣ ደግሞ አረንጓዴው ይጀምራል፤ የግልገል ጊቤ ሐይቅ በስተግራ ብልጭ ይላል። ጅማ አደርን። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

በማግስቱ ከጅማ ወደ ቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዝን። ሸቤን አልፎ የጎጀብ ወንዝ ድልድይ ላይ ሲደረስ ባለቤቴ ሁልጊዜ ዝም ትላለች፤ ከወንዙ ወዲያ ካፋ ነው። መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ ጉም ይወርዳል፤ ዛፎቹ በሁለት በኩል ቀርበው መኪናውን ያጅቡታል። ይህ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ የተመዘገበው የካፋ ጫካ ነው፤ የጫካ ቡና መገኛ። ቦንጋም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆና ሆቴሉም ሕንፃውም በርክቶባታል።

አባባ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። የግራ እጃቸው ከትከሻ በላይ አልነሳ ብሏል፤ እኔን ያቀፉኝ በአንድ እጃቸው ነበር። ቡና ተፈላ፤ እማማ ሙዝ አቀረቡ። በማግስቱ ቀፎ ዘንድ ስለምንሄድ አልበላም ስል ሁሉም ገረማቸው። የተቆጣች ንብ ጓደኞቿን የምትጠራበት ሽታ ከሙዝ ሽታ ጋር ይመሳሰላል፤ ይህን ሳስረዳ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁና «ይህንስ እኔም አላውቅም ነበር» አሉ። ያን ዕለት ያስተማርኳቸው ነገር ይህ ብቻ ሆኖ ቀረ።

«ሰሙን ከየት አመጣለሁ?»

ጠዋት ሳጥኑን ከመኪናው አውርጄ ግቢው መካከል አኖርኩት። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። አባባ ክዳኑን አነሱ፤ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ አውጥተው አዩ፤ ክፍተቱን በጣታቸው ለኩ። ሥራውን አደነቁ። ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ጥያቄ ጀመሩ።

«ይህ በፍሬሙ ላይ ያለው የታተመ ሰም ሲያልቅ ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

ሰም ማተሚያ ያላቸው ሰዎች ከተማ እንደሚገኙ ነገርኳቸው።

«ማሩን የሚያሽከረክረው ማሽንስ?»

እርሱም በማኅበር የሚገዛ መሆኑን ነገርኳቸው።

«አንዱ ፍሬም ቢሰበር፣ ያንን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያልከውን አስተካክሎ የሚሠራልኝ ሰው እዚህ ማነው?»

የጎረቤቴ በግ ትዝ አለኝ፤ ዝም አልኩ። አባባ ሊያሳፍሩኝ ፈልገው አልነበረም። በመንደሩ ከዓመታት በፊት የታደሉ ዘመናዊ ቀፎዎች እንደነበሩና አሁን በአንዳንዱ ቤት እህል እንደሚቀመጥባቸው ነገሩኝ። ሳጥኑ ከብዙ ባህላዊ ቀፎ ይበልጣል፤ ሆኖም ብቻውን አይሠራም። ሰሙን፣ ማሽኑን፣ እንጨት ሠሪውን፣ ሥልጠናውን አስከትሎ ይመጣል። እነዚህ በአቅራቢያ ላለው ሰው ከሁሉ የተሻለ ቀፎ እርሱ ነው፤ ለእኔ በሰበታ ይሆነኛል። ለእርሳቸው ግን ሣንቃ ብቻ ነበር ያመጣሁላቸው።

ከሰዓት በኋላ የራሳቸውን ሊያሳዩኝ ወደ ጫካው ወሰዱኝ። የካፋ ቀፎ ከቀርከሃም ይሠራል፤ የእርሳቸው ግን ግንድ ነው። ግንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ ይቦረቦርና መልሶ ተጋጥሞ ይታሰራል። ውፍረቱ ሌሊት ከብርድ ቀን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ በዚህስ የእኔን ስስ ሣንቃ ያስንቀዋል። አባባ ንቦቹ የሚገቡት በየትኛው ጫፍ እንደሆነ አሳዩኝ፤ እጩ ወደ መግቢያው ነው፣ ማሩ ወደ ኋላ። ጥሩ ማር ቆራጭ የኋላውን ከፍቶ ማሩን ብቻ ይወስድና እጩን ይተዋል። ችኩሉ ሁሉንም ጠርጎ ያወርዳል፤ ከዚያ ቀፎው ባዶ ይሆናል። በዛፍ ጫፍ ላይ፣ በጨለማ፣ በአንድ እጅ ችቦ በሌላው ቢላዋ ይዞ፣ ውስጡ የማይታይን ቀፎ በዳበሳ ለይቶ መቁረጥ ምን ዓይነት ጥበብ እንደሚጠይቅ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። «ይህ የአባቴ ዛፍ ነው፤ ያኛው የወንድሜ» እያሉ ይነግሩኝ ነበር። በጎረቤት ሸካ ኮቦ የሚባል፣ ጫካውን ለቀፎ መስቀያ በቤተሰብ የሚከፋፈል ሥርዓት አለ። እዚህም ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ የሚቆርጥ የለም። ሰው ሁሉ ቀፎውን ወደ ጓሮ ቢያወርድ ለእነዚህ ዛፎች ማን ይቆምላቸዋል? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የተመለስኩት፤ አሁንም አልተመለሰልኝም።

የእማማ እጅ

የነገሩ መልክ የተለወጠው በእማማ ነው። እራት ላይ ድንገት «ይህን መሬት ላይ የሚቀመጠውን ቀፎ ሴት ልትከፍተው ትችላለች?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ተረጎመችልኝ። አምሳ ዓመት ማር ሲያጣሩ፣ ሰም ሲያቀልጡ ኖረዋል፤ ቀፎ ግን ከፍተው አያውቁም። ዛፍ የወንድ ነው።

ያን ጊዜ በመኪናው ውስጥ የረሳኋቸው ሠላሳ እንጨቶች ትዝ አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። የባለቤቴ የወንድም ልጅ ቀርከሃ ሰነጠቀ፤ አባባ ጠረቡ፤ የገንዳው አጥንት ተዳፋት ሆኖ ተሠራ። ልስኑን ማንም አላዘዛቸውም፤ እማማ ራሳቸው ጭቃና እበት አብኩተው ልክ የቤታቸውን ግድግዳ እንደሚመርጉት መረጉት። በእያንዳንዱ እንጨት መካከል በቀለጠ ሰም ቀጭን መሥመር አሰመርን፤ ንቦቹ እንጀራቸውን ከዚያ እንዲጀምሩ ነው። በአራት እግር ላይ አቁመን ለጉንዳን መከላከያ በየእግሩ ሥር አመድ አደረግን። ከቤት ራቅ ብሎ፣ ፊቱ ከመንገድ ዞሮ፣ ከኮባው ሥር ተቀመጠ። ከምስማሩ በቀር የተገዛ ነገር የለውም።

ጉድለቱንም ነገርኳቸው። የዚህ ቀፎ እንጀራ ዙሪያውን የሚደግፈው እንጨት ስለሌለ ወደ ጎን ካዘነበሉት ይበጠሳል፤ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ያስፈልጋል። በማሽን አይሽከረከርም፤ ተቆርጦ ይጨመቃል፤ ንቦቹም እንደገና ይሠራሉ። በዚህ ምክንያት ማሩ ከሳጥኑ ያነሰ ሰሙ ግን የበዛ ነው። እማማ «ሰም ይሸጣል» አሉ።

ቅዳሜ ሌሊት ማር ቆረጣ ሆነ። አባባ ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከቤት ሲወጡ የባለቤቴን ፊት ማየት አልቻልኩም። ዛፉ ሥር ደረስን። ችቦው ተለኮሰ፤ ጭሱ ወደ ላይ ወጣ። አባባ ገመዱን በግንዱ ዙሪያ አዞሩ፤ ዳሰሱት፤ የግራ እጃቸውን ሊያነሱ ሞከሩ፤ እጁ እዚያው ትከሻቸው ዘንድ ቆመ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ገመዱን ፈትተው ለልጁ ሰጡት።

ልጁ ሲወጣ ከታች ሆነው መሩት። «ቀኙን ርገጥ። ሐረጉን አትመን። የኋላውን ክፈት፤ የኋላውን!» ቅርጫቱ በገመድ ወረደ፤ ነጭ ማር። አባባ አልቀመሱም። ልጁ እግሩ መሬት እስኪነካ ድረስ ዓይናቸውን ከላይ አላነሱም።

እሑድ ከዚያው ማር አንድ ማሰሮ ተለይቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ፤ የዓመቱ በኩራት ነው። ለምሣ እማማ ብርዝ አቀረቡልን። እኔም የከተማ ሰው ነኝና፣ የቀረው ማር በነጋዴ እጅ ጠጅ ቤት እንደሚገባ እያወቁ መሸጥ ለአማኝ አይከብድም ወይ ብዬ አባባን ጠየቅኳቸው። «ከተማ ያሉ ወንድሞች ለምግብ የሚገዙ ከሆነ ለእነርሱ እሸጣለሁ፤ እስካሁን ግን አንድም አልመጣም» አሉኝ። አሥር ኪሎ ገዛሁ። ሲመለስ ሁሉም ምእመን ጠየቀኝና ለቤቴ አንድ ኪሎ አልተረፈኝም።

የጥቅምት ስልክ

ሳጥኑን መልሼ ይዤው መጣሁ፤ ያንን በቀለም ያማረውን የእንጨት ሠሪ ሥራ አስወግጄ በእርሱ ተካሁት። ከጎረቤቴ ጋር ተማክረን ቀፎዎቹን ከአጥሩ አርቀን፣ በመካከል ግራዋ ተከልን። አሁን የምከፍታቸው አመሻሽ ላይ ነው፤ ከመክፈቴም በፊት አጥር ማዶ ድምፅ አሰማለሁ።

ክረምቱን ሙሉ የእማማ ቀፎ ባዶ ነበር። በደወልን ቁጥር እጠይቃለሁ፤ «ጉንዳን ብቻ» ይሉኛል። አንድ ጊዜም ዝናብ ልስኑን አጥቦት እንደገና መርገውታል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ ምሽት ባለቤቴ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈተችው። እማማ በፍጥነት ያወራሉ፤ ከኋላ የአባባ ድምፅ ይሰማል። የንብ መንጋ ገብቷል። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያን ዕለት ማታ እማማ በልጃቸው ልብስ ተጠቅልለው፣ ጭስ ይዘው ክዳኑን ራሳቸው ከፍተዋል። አባባ በርጩማቸውን አውጥተው ከኮባው ማዶ ተቀምጠው «ቀስ በይ፣ ቀጥ አድርገሽ አንሺ» ሲሉ እንደነበረ ባለቤቴ እየሳቀች ተረጎመችልኝ።

«ስንት እንጨት ላይ ደርሰዋል?» ብዬ ጮኽኩ።

ትንሽ ዝምታ ሆነ። ሁለቱ እዚያ ተከራከሩ።

«እኔ ስድስት ቆጥሬአለሁ» አሉ እማማ። «እርሳቸው ሰባት ነው ይላሉ። ግን ከሩቅ ነው ያዩት።»

ከዚያ ባለቤቴ ስለ ገመዱ ጠየቀቻቸው። ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ ባለፈው ሳምንት አውርደው ሰም ሲቀቡት እንደነበረ ጨመሩ።